በጠባብ አስቤዛ ከኬሚካል የራቀ ምግብ፦ ከደሴ ለደረሰ ጥያቄ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ደሴ ነው። ባለቤቴና እኔ ከሦስት ልጆቻችን ጋር አምስት ነፍስ ነን፤ ትንሿ ገና አሥር ወሯ ነው። የሁለታችን ደመወዝ ተደምሮም ለአስቤዛ ወር አያደርስም። አሁን አሁን ጤፉም እንቁላሉም ጎመኑም «ኦርጋኒክ ነው» እየተባለ በእጥፍ ይሸጣል። ካልገዛሁ ልጆቼን መርዝ የማበላ እየመሰለኝ ተጨንቄአለሁ። እህል በጆንያ ስናስገባ ደግሞ ነቀዝ እንዳይፈጀው ክኒን እንከትበታለን፤ እሱስ ጉዳት የለውም? ግቢያችን ሁለት ትንንሽ መደብ ብትወጣው ነው። ከየት ልጀምር?

ምላሽ፦ ከክኒኑ እንጀምር፤ ከጠየቁት ሁሉ የማያሳድረው እሱ ነው።

የነቀዝ ክኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። የአየር እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ ከባለ 3 ግራሟ አንድ ፍሬ 1 ግራም ያህል ጋዝ ይወጣል። ነቀዙን የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው፣ ሰውንም ይገድላል፣ ማርከሻ የለውም። የተሠራው ሰው ለማያድርበትና በደንብ ለሚታሸግ መጋዘን እንጂ ጓዳና መኝታው በመጋረጃ ለሚለያይ ቤት አይደለም። ከአየር ትንሽ ከበድ ስለሚል ወደ ወለል ይወርዳል፤ ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፈው ለሚተኙ ልጆች ይህ ትልቅ አደጋ ነው።

አሁን ቤትዎ ውስጥ ክኒን የገባበት ጆንያ ካለ ዛሬ ማንም እዚያ አይደር። በርና መስኮት ከፍታችሁ ውጡ፤ ጆንያውን ቤት ውስጥ አይፍቱት። ክኒኑ ላይ ውሃ ማፍሰስ በፍጹም አይገባም፣ ጋዙን ባንዴ ያስለቅቀዋል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ትውከት ወይም የደረት መጨነቅ የተሰማው ሰው ካለ «ይለፍለታል» ሳይባል ሐኪም ቤት ይሂድ፤ ሲደርሱም ቤት ውስጥ ክኒን እንደነበረ ይንገሩ።

እህሉ ላይ የሚቀረው ግን ሰው ከሚፈራው ያነሰ ነው። እህሉ ደጅ ላይ ተዘርግቶ ሲናፈስ ጋዙ ይወጣል፤ የሚቀረው ግራጫ ብናኝ ሲነፋና ሲበጠር ይሄዳል። ማላታዮን የሚባለው የነቀዝ ዱቄት ሌላ ነገር ነው፤ እሱ እህሉ ላይ ተለጥፎ ወራት ይቆያል፣ አብዛኛውም ቅርፊቱ ላይ ነው። ስንዴ ወይም በቆሎ ሲዘግኑት ነጭ ብናኝ ካቦነነና የመድኃኒት ሽታ ካለው አይግዙት። ገዝተውት ከሆነ አበጥረው፣ አጥበው፣ በፀሐይ አድርቀው፣ ፈትገው ብቻ ያስፈጩ።

ታዲያ ነቀዙን በምን እንከላከለው? በማፈን። የግብርና ግብዓት የሚሸጡ ሱቆች ፒክስ የሚባል ከረጢት ይይዛሉ፦ ውስጡ ሁለት ወፍራም ላስቲክ፣ ውጭው ተራ ማዳበሪያ ነው፤ ባለ 50 እና ባለ 100 ኪሎ አለ። ነቀዙ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ራሱ ይጨርስና ይታፈናል። ዋጋው ከአንድ ኩንታል እህል ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ ካልተቀደደም ለሁለትና ለሦስት ዓመት ያገለግላል።

እህሉ ደረቅ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ከነቀዝ አድነው ለሻጋታ ይሰጡታል። መመርመሪያው ቀላል ነው፦ በደረቅ ጠርሙስ ሲሶ ያህል እህልና አንድ የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ጨው ይጨምሩ፣ ክዳኑን ገጥመው አንድ ደቂቃ ይናጡት፣ ሩብ ሰዓት ያስቀምጡት። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና እርጥብ ነውና ወደ ፀሐይ ይመለስ። ከዚያ እያንዳንዱን ላስቲክ በአየር ነፍተው፣ አፉን ይዘው ጨመቅ በማድረግ ቀዳዳ እንደሌለው ይፈትሹ። እህሉን የውስጠኛው ላስቲክ ውስጥ ጠቅጥቀው ይሙሉ፣ አየሩን አስወጥተው አፉን ይጠምዝዙ፣ አጥፈው በጎማ ላስቲክ ቁራጭ ግጥም አድርገው ይሰሩት። ሁለተኛውን ላስቲክ፣ በመጨረሻም ውጭኛውን እንዲሁ ለየብቻ ይሰሩ። ሦስቱን ባንድ ላይ ማሰር የተለመደ ስህተት ነው፤ አየር የሚገባው በዚያ ነው። ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርገው ያኑሩት፤ አይጥ አንዴ ከበሳው አበቃ። ቢያንስ አንድ ወር አይፍቱት። ሲከፍቱም ለወሩ የሚበቃውን ባንዴ ቀድተው መልሰው ይሰሩት፤ በየሳምንቱ እየተፈታ የሚዘገንበት ፒክስ ከተራ ጆንያ አይለይም።

ፒክስ ካላገኙ ክዳኑ የሚገጥም የዘይት ጀሪካን ያገለግላል። ባለ 20 ሊትሩ 15 ኪሎ ገደማ ባቄላ ወይም ሽምብራ ይይዛል። እስከ አፉ ይሙሉት፤ ጎደል ያለ ጀሪካን ነቀዝን የሚያኖር አየር አለው። በጥራጥሬው መካከል ያለውን ክፍተት ጤፍ በመጨመር መሙላት የቆየ የገበሬ ዘዴ ነው፣ ይሠራልም። ሲፈልጉ በወንፊት ይለዩታል። ነዳጅ፣ ፀረ ተባይ ወይም ሳሙና የያዘ ጀሪካን ግን ምንም ቢታጠብ ለምግብ አይሆንም።

አሁን ወደ እጥፍ ዋጋው። በአገራችን የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488/1998 ከወጣ ቆይቷል። ማረጋገጫውን በተግባር የሚያገኙት ግን በአመዛኙ እንደ ቡናና ሰሊጥ ያሉ ወደ ውጭ የሚላኩ ምርቶች ናቸው። ሰኞ ገበያ ከጆንያ እየተሰፈረ የሚሸጥ ጤፍ ላይ «ኦርጋኒክ» ሲባል ሻጩ የሚለው ብዙውን ጊዜ «ማዳበሪያ አልነካውም» ነው። በጥብቅ ሕጉ ማዳበሪያም ክልክል ነው፤ ነገር ግን ዩሪያና ኤንፒኤስ የአፈርና የውሃ ጉዳይ ናቸው እንጂ እንጀራው ላይ የሚቀመጡ መርዞች አይደሉም። የሚያሳስበው ፀረ ተባይና ፀረ ሻጋታ ነው፤ ዋናው ጥያቄ እነሱ የት ላይ፣ ስንት ጊዜ፣ ከመለቀሙ ስንት ቀን አስቀድሞ ተረጩ የሚለው ነው።

በዚህ ሚዛን ጤፍ ከሁሉ የቀለለ ነው። ፍሬው ትንሽ ስለሆነ የጎተራ ነቀዝ አያጠቃውም፣ ስለዚህ ክኒንም ዱቄትም የሚጨምርበት ምክንያት የለም። ማሳ ላይ የሚረጭበት ባብዛኛው የአረም መድኃኒት ነው፤ እሱም ቡቃያው ገና ለጋ ሳለ፣ ፍሬ ከመያዙ ከሳምንታት በፊት ነው። ለ«ኦርጋኒክ ጤፍ» ተጨማሪ ብር መክፈል፣ በእኔ ግምት፣ ገንዘብ መጣል ነው። ይልቅ ዱቄት ሳይሆን ፍሬውን ይግዙ፤ ዱቄት ውስጥ ምን እንደተቀላቀለ ማንም አያይም። ከቃሉ ቆላ የሚመጣ ማሽላም ብዙ ርጭት የማያውቅ እህል ነው። ሁለት እጅ ጤፍ ከአንድ እጅ ማሽላ ጋር ቢያስፈጩ ወጪው በግልጽ ይቀንሳል። ማሽላ ሲበዛ እንጀራው በማግስቱ ይደርቃል፤ አብሲቱን በደንብ ማብሰል ያለሰልሰዋል። ነቀዝ የሚወደው ማሽላውን ነውና ፒክሱን ለእሱ ያውሉት።

እንደዚሁ ተጨማሪ ብር የማይገባቸው፦ ሽንኩርት (ማሳ ላይ ይረጫል፣ ግን ውጫዊው ቅርፊትና አንድ ልባጭ ሲወገድ አብዛኛው ይሄዳል)፣ ድንች (የሚረጨው ቅጠሉ ነው፤ መላጥ ይበቃል)፣ ካሮት፣ ዱባ፣ ስኳር ድንች፣ ሙዝ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ አቮካዶ። ሁሉም ተልጠው የሚበሉ ናቸው።

ፍራቻዎ ቦታውን የሚያገኘው ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ጥቅል ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ ላይ ነው። ቲማቲምን እንመልከት። ክረምት ላይ ገበሬው ምች የሚለው የቅጠል በሽታ ይመጣል፤ ማንኮዜብ የተባለ ፀረ ሻጋታ በየሳምንቱ፣ ዝናብ ሲበረታ ከዚያም ባነሰ ቀን ይረጫል። በበጋ መስኖ ደግሞ ቱታ አብሶሉታ የተባለች የእሳት እራት ፍሬውን ትበሳለች፤ አንዱን መድኃኒት ስትለምደው ገበሬው ሁለት ሦስቱን ቀላቅሎ ይረጫል። እንደየመድኃኒቱ ከርጭት እስከ ለቀማ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት መቆየት አለበት። ቲማቲም ግን በየሦስትና በየአራት ቀኑ ይለቀማል፤ ዋጋ ሲወጣ ማንም አይጠብቅም። ከገበያ አንድ ፍሬ አንስተው የእንብርቱን ጎድጓዳ ይዩ፤ ቢጫ ወይም ነጣ ያለ የደረቀ ጠብታ ምልክት ክብ ክብ ሠርቶ ከተቀመጠ ርጭቱ የቅርብ ነው። ጥርት ያለ ፍሬ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ታጥቦ የሚቀርብ አለ፣ ወደ ውስጥ የሚሰርጉ መድኃኒቶችም አሉ።

እዚህ ላይ ከመግዛት ይልቅ መቀነስ ያዋጣል። ወጥ ያለ ቲማቲም ይሠራል፤ ድሮም የሚሠራው እንዲያ ነበር። ቲማቲሙን ለሰላጣና ለስልስ ብቻ ይተዉትና ርካሽ በሚሆንበት በበጋው ይግዙ። 10 ኪሎ ገዝተው በደንብ አጥበው፣ የግማሽ ጣት ውፍረት ባለው ክብ ቆርጠው፣ ጨው ነስንሰው በንጹሕ ወንፊት ላይ ያስጡት። ኮምቦልቻ ላይ በሦስት አራት ቀን ይደርቃል፤ ደሴ ፀሐዩ ቢበረታም ሌሊቱ ጤዛ አለውና ማታ ማታ ቤት ይግባ። ከ10 ኪሎው ከግማሽ ኪሎ ትንሽ ከፍ ያለ ደረቅ ቲማቲም ይወጣል። ሲያጥፉት መሰበር አለበት፤ እንደ ቆዳ ከታጠፈ ይሻግታል።

አስተጣጠብን በተመለከተ፦ በሚፈስ ውሃ በእጅ እያሹ ማጠብ ከመዘፍዘፍ ይሻላል። ለቲማቲም፣ ለቃሪያና ለሰላጣ በግማሽ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ አሟሙተው ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይንከሩ፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁ። ይህ ላዩ ላይ ያለውን ይቀንሳል፣ ወደ ውስጥ የሰረገውን አይነካም። ኮምጣጤ የሚጠቅመው ለጀርም ነው። በረኪና ለፀረ ተባይ ቅሪት መፍትሔ አይደለም፤ በሳሙናና በኦሞ ማጠብማ በመርዝ ላይ ሌላ መጨመር ነው። የጥቅል ጎመን ውጫዊ ሦስት አራት ቅጠል ይጣል፤ አብዛኛው ርጭት የሚቀረው እሱ ላይ ነው።

የማይታጠበው ግን በውሃ የመጣ ነው። ቦርከና የደሴን ቆሻሻ ይዞ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ እዚያ ደግሞ የፋብሪካ ፍሳሽ ይዘው የሚመጡ ጅረቶች ይቀላቀሉታል። ከዚያ ውሃ በመስኖ የለማ ቅጠላ ቅጠል የሰገራ ጀርምና ከባድ ብረቶች ሊይዝ ይችላል። ጀርሙን ማብሰል ይገድለዋል፤ ክሮሚየምና እርሳስ ግን ተክሉ በሥሩ የጠጣው ስለሆነ አጥበውም ቀቅለውም አያስወጡትም። ስለዚህ ለጎመንና ለሰላጣ ሻጭ የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ኬሚካል ነክቶታል?» አይደለም፤ መልሱ ሁሌም «አልነካውም» ነው። «የየት ነው? በምን ውሃ ነው የለማው?» ይበሉ። አንድ ነጠላ ርጭት ያልነካው የቦርከና ዳር ሰላጣ፣ ሁለት ጊዜ ቢረጭም በምንጭ ውሃ ከለማ ጎመን የባሰ ሊሆን ይችላል። ከኩታበር በኩል፣ ከሐይቅ አካባቢ የሚመጣውን ለይተው የሚያመጡ ሴቶች ካገኙ ደንበኛ ይያዙ። ደንበኛ ከየትኛውም ማኅተም ይበልጣል።

ሌላው ሰው የሚዘነጋው፣ ኬሚካል ያልነካውና ግን የሚጎዳ ምግብ ነው። ጓያን ይውሰዱ። ማዳበሪያም ርጭትም አይጠይቅም፣ በድርቅም ይበቅላል፣ ወሎ በደንብ ያውቀዋል። ለሁለት ለሦስት ወር ዋና ምግብ ሲሆን ግን ውስጡ ያለው መርዝ እግርን ያሽመደምዳል፤ በሽታው አይድንም። ርካሽ የተፈጨ ሽሮና ርካሽ ክክ ውስጥ የሚቀላቀለው እሱ ነው። አተር ድብልብል ነው፤ የጓያ ፍሬ ማዕዘን አለው፣ ወደ አንድ ጎን እንደ መጥረቢያ ይሾላል፣ ቀለሙም ወደ ግራጫ ያደላል። ክኩ ሲሆን መለየቱ ይከብዳልና ሙሉውን አተር፣ ባቄላ ወይም ሽምብራ ገዝተው፣ ለቅመው፣ ቆልተው ሽሮዎን ራስዎ ያስፈጩ። ከዱቄቱም ይረክሳል።

በርበሬም እንደዚያው ነው። ክብደት እንዲያነሳ ዛላው ላይ ውሃ የሚያርከፈክፍ ነጋዴ አለ፤ እርጥበቱ ሻጋታን፣ ሻጋታው አፍላቶክሲን የተባለውን ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመጣል፤ ማብሰል አያጠፋውም። ዛላውን ጆሮዎ አጠገብ ያንቀጫቅጩት፤ ደረቅ ከሆነ ፍሬው ይንኳኳል፣ ሲጫኑት ይሰበራል። ልስልስ ብሎ ከታጠፈ ውሃ ጠጥቷል። ከጆንያው መካከል አምስት ስድስት ዛላ ከፍተው ውስጡን ይዩ፤ ግራጫ ወይም ጥቁር አቧራ ካለ ይለፉት። ኦቾሎኒም የተሸበሸበው፣ የጠቆረውና የመረረው ይጣል። ወተት ላይ ደግሞ ላሟ የምትበላው ፋጉሎ የሻገተ ከሆነ ይኸው መርዝ ወደ ወተቱ ያልፋል። «የከተማ የቤት ላም ወተት» ስለተባለ ብቻ ብር አይጨምሩ፤ ሣርና ድርቆሽ የምትበላ ላም ያለው ሰው ይፈልጉ።

እንቁላልን ባጭሩ፦ የሀበሻው አስኳል የሚደምቀው ዶሮዋ ቅጠል ስለምትለቅም ነው፤ በምግብነት ያለው ልዩነት የዋጋውን ልዩነት አያህልም። ሁዳዴ ሲገባ ዋጋው ስለሚወርድ ያኔ ያብዙ፤ በደሴ ቅዝቃዜ ያልታጠበ እንቁላል ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል። ዘይት ላይ የኦርጋኒክ ጉዳይ የመጨረሻው ጭንቀትዎ ይሁን። ዓሣ ከሐይቅ ቢያገኙ፣ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ በባሕሩ ያደገ እንጂ በመኖ የተቀለበ አይደለምና ያለ ማኅተም የምትፈልጉት ዓይነት ነው።

ትልቁ ቁጠባ ያለው በወቅት ላይ ነው። ለአምስት ነፍስ፣ ሦስቱ ልጆች ሆነው፣ በወር ከ50 እስከ 60 ኪሎ እህልና 8 ኪሎ ገደማ ጥራጥሬ ይበቃል። የመኸሩ ጤፍና ማሽላ ገበያ የሚሞላው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚገዛ ሰው የሚከፍለው የነጋዴውን የጎተራ ኪራይ ጭምር ነው። የበልግ ገብስ ደግሞ ከደጋው በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ይወርዳል። ደመወዝተኛ ይህን ባንዴ ለመክፈል አይችልም፣ እውነት ነው። ዕቁብ የተሠራው ለዚህ ነው፦ ከአራት አምስት ጎረቤት ጋር የእህል ዕቁብ ጀምራችሁ ዕጣውን በታኅሣሥና በጥር ላይ እንዲያርፍ አድርጋችሁ ብትስማሙ፣ ወይም በየወሩ እያጠራቀማችሁ ታኅሣሥ ላይ አንድ መኪና ተጋርታችሁ ከገበሬው ብታወርዱ፣ ገበሬውንም «ምን ረጨህበት?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። አምስት ኩንታል የሚገዛ ሰው እውነተኛ መልስ ያገኛል።

ከጥራጥሬ ማሾን አይርሱ። ከቃሉና ከሐርቡ በኩል ይመጣል፣ ሳይዘፈዘፍ ቶሎ ይበስላል፤ በከሰል ዋጋ ሲሰላ ከባቄላ ንፍሮ ይረክሳል። እንደ ጥራጥሬ ሁሉ ነቀዝ ይወደዋልና ጀሪካን ውስጥ ይግባ።

ግቢው ሁለት መደብ ብቻ ከሆነ የሚዘራው ብዙ የሚረጭበትና በየቀኑ የሚነካው ነው፦ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ቃሪያ። ድንችና ሽንኩርት ቦታ ይፈጃሉ፣ ከገበያ ይግዟቸው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ አለ፤ ጎመንና ቆስጣ ይችሉታል፣ ቃሪያና ቲማቲም አይችሉም። ኮምቦልቻ ያለ ዘመድ ካለዎት ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ቃሪያና ፓፓያ እንደልብ ያበቅላል፤ እርስዎ ጎመን፣ እሱ ቃሪያ ብትለዋወጡ ሁለታችሁም ታተርፋላችሁ።

ቦታ ሲጠብ ጆንያ ይተከላል። ኬሚካል ያልያዘ የእህል ማዳበሪያ ይውሰዱ። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ፍግ ወይም ብስባሽ፣ ጥቂት አሸዋ ያዋህዱ። ታችና ላዩ የተከፈተ ጣሳ ጆንያው መሐል አቁመው ጠጠር ይሙሉበት፣ ዙሪያውን አፈር ይጨምሩ፣ ጣሳውን ወደ ላይ ይሳቡ፣ እንደገና ጠጠር፣ እንደገና አፈር፤ እስከ አፉ ድረስ። ውሃ እስከ ታች የሚደርሰው በጠጠሩ ዓምድ ነው፤ እሱ ካልተሠራ ላይኛው ረግረግ ታችኛው ደረቅ ይሆናል፣ ብዙ ሰው ጆንያ ሞክሮ የሚተወውም በዚህ ነው። ጎኑን በእጅ ስንዝር እያራራቁ በስለት ሰንጥቀው ከ20 እስከ 25 ችግኝ ይትከሉ። በቀን ከ5 እስከ 8 ሊትር ውሃ ይበቃዋል፤ አትክልት ያጠቡበትን ውሃ ይጠቀሙ፣ ኦሞና በረኪና የነካውን አይጠቀሙ። ሶዳ ያለበትም ይደፋ፤ ጨዋማ ስለሆነ አፈር ያበላሻል። ከአምስት ስድስት ሳምንት በኋላ የታችኛውን ቅጠል መቁረጥ ይጀምራሉ፤ ሁልጊዜ ከላይ አራት አምስት ቅጠል ይቅር። ከሁለት ጆንያ 50 ግንድ፣ ከግንዱ በሳምንት ሁለት ቅጠል፣ ቅጠሉ በአማካይ 15 ወይም 20 ግራም ቢመዝን ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ የጎመን ወጥ ያበላችኋል።

ጥሬ ፍግ የገባበት አፈር ላይ ጥሬውን የሚበላ ነገር አይትከሉ፤ ፍግ ከገባ እስከ ሚለቀም ቢያንስ አራት ወር ይሁን። ክሽክሽ የሚባለው ደቃቅ የቅጠል ተባይ ከወጣ 5 ግራም ያህል የገላ ሳሙና በአንድ ሊትር ውሃ አሟሙተው አመሻሽ ላይ የቅጠሉን ሆድ ይርጩ፣ በማግስቱ በውሃ ያጥቡት፣ በሳምንቱ ይድገሙት። የትምባሆ ውሃ ተፈጥሯዊ ነው ብለው የሚመክሩ አሉ፤ ኒኮቲን ለሕፃን ከብዙ የሱቅ መድኃኒት ያልተናነሰ መርዝ ነው፣ ይተዉት።

ለትንሿ ልጅዎ፣ ተጨማሪ ብር ማውጣት የሚገባ ከሆነ እሷ ላይ ነው፤ በክብደቷ ሲሰላ ከሁላችሁም ብዙ የምትበላ እሷ ናትና። ግን የታሸገ ዱቄት መግዛት አይደለም። ሦስት እጅ እህል (ጤፍ፣ ገብስ፣ ትንሽ ማሽላ) ከአንድ እጅ ማሾ ወይም ሽምብራ ጋር ያዘጋጁ፤ የሻገተ፣ የተበላ፣ ቀለሙ የተለወጠ ፍሬ አንድ በአንድ ይለቀም፤ ጥራጥሬው ታጥቦ ይድረቅና ለየብቻ ይቆላ። ከ2 እስከ 3 ኪሎ ብቻ ያስፈጩ፤ ወፍጮ ቤት ከእርስዎ በፊት በርበሬ ወይም ጓያ ካስፈጨ ሰው ቀጥለው አይግቡ፣ ወይም የመጀመሪያውን አንድ ሁለት እፍኝ ዱቄት ለዶሮ ይስጡት። በሚገጥም ዕቃ ከአንድ ወር በላይ አያቆዩት። ገንፎው ሲወርድ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ፣ ከጆንያው የተቆረጠ በደንብ የበሰለና የተፈጨ ጎመን ይጨመርበት።